ስድስት መቶ ዋት ተብሎ የተጻፈበት

በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ገዝቶ የሚታለል ሰው ሁሉ የሚታለለው ወዶ ነው ብዬ አምን ነበር። በሆዴ ይዤው ብቀር ደግ ነበር፤ ግን በአርባ ምንጭ ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቄ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተናግሬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ደብተር ስለሚያጣ ሰውን ያርማል።

የሚታረም ሰው ደግሞ አላጣሁም። የባንክ ሠራተኛ የሆነው ጎረቤቴ ለልጆቹ ኮምፒውተር ሊገዛ ወርዶ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው? አሥረኛ አሉት፣ ተሸክሞ መጣ። ራሙ ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ይሁን አዲሱ ፈጣኑ አልጠየቀም። ተነስቶ ለመከፈት ብቻ ሩብ ሰዓት ሲፈጅበት «ሲሞቅ ይፈጥናል» ብሎ አጽናናኝ፤ የአሮጌ አይሱዙ ነገር ያወራ ይመስል። ሌላው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። ባለ መስታወት ኬዝ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ቀይና ሰማያዊ የሚያበሩ አምስት ፋኖች ገጠመበት። ሳሎኑ ጭፈራ ቤት መሰለ። በኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ የፈተና ጥያቄ መተየብ ነው። የመሥሪያ ቤት ግዢ ኮሚቴዎችንማ አታንሱብኝ። የእነሱ ማወዳደሪያ የስክሪኑ ስፋት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ከላይ ጨርቅ አልብሰው ያስቀምጡታል።

አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ይባላል። እኔ በዚያን ጊዜ የራሴ ኮምፒውተር አልነበረኝም። የነበረኝ ስልክና ብዙ አስተያየት ነበር።

ተራዬ የደረሰው በልጄ ምክንያት ነው። ልጄ አርክቴክቸር ተምራ ተመርቃለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ነን። ሐዋሳ ያለ አንድ የዲዛይን ቢሮ ሥራ ሊሰጣት ፈቅዶ ነበር፤ እሷ ግን እስከ መስቀል ይጠብቁኝ ብላ ለምናቸዋለች። አንድ የምዕራብ ዓባያ ሰው መንገድ ዳር ባለው መሬቱ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ አስቦ ንድፉን ሰጥቷት ነበርና። በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ይህ ከተሳካ እዚሁ አርባ ምንጭ የራሷን ቢሮ ትከፍታለች፤ ካልተሳካ ሐዋሳ ትሄዳለች። ነገሩን በዚህ ቆርጣ ነበር የነገረችኝ። እኔ እንድትሄድ አልፈለግኩም። ለእሷ አልነገርኳትም እንጂ ባዶ ቤት እፈራለሁ።

የሰውየው ቀጠሮ እንደ ሌላ ደንበኛ ቀጠሮ የሚገፋ አልነበረም። ሰሜን ተወልጄ በምደባ እዚህ የመጣሁት በወጣትነቴ ነው፤ ብዙ የበዓል አገር አይቻለሁ ብዬ ነበር። መስቀል ሲደርስ ግን ጋሞ ያለበትን ሁሉ ጥሎ አባቱ ቤት ሲገባ እንዳየሁት ያለ የትም አላየሁም። የምዕራብ ዓባያው ሰው አምስት ወንድሞች አሉት። አዲስ አበባ ሸማ የሚሠራው፣ ሞያሌ የሚነግደው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም በዚያ ቀን ይሰበሰባሉ። ማረፊያውን የሚሠሩት በጋራ ነው። እሱም በሬው ታርዶ ሁሉም ሲጠግብና ሲፈካ፣ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በቀለም አሳትሞ ሊያሳያቸው ፈልጓል። መስመር ብቻ ያለበት ፕላን አያሳምናቸውም፤ በረንዳው፣ የማንጎው ጥላ፣ በመስኮቱ የሚታየው ሐይቅ መታየት አለበት። ያ ቀን ካለፈ ይበተናሉ፤ ስድስቱ እንደገና አንድ ቦታ የሚቀመጡት በዓመቱ ነው።

ንድፉን እንደ ፎቶ አድርጎ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። የልጄ አሮጌ ላፕቶፕ አንዱን ሥዕል ለማውጣት ከቁርስ እስከ ምሳ ይፈጅበታል፤ ያውም በአርባ ምንጭ ሙቀት ግሎ ራሱን ካላጠፋ። እሷ የሚያስፈልጓት ወደ አርባ የሚጠጉ ሥዕሎች ነበሩ። ከዚያ በላይ ደግሞ ንድፉ እየተጨመረበት ሲሄድ ላፕቶፑ ጨርሶ መክፈት አቃተው። ሐምሌ ላይ «አባዬ፣ ዴስክቶፕ ያስፈልገኛል» አለችኝ። እሷ አንድ ጓደኛዋን ጠይቃ የሆነ ነገር ልትገዛ ነበር። እኔ ተዪው፣ ይህ የእኔ ነው አልኳት። ለሠላሳ ዓመት የተዘጋጀሁበት ፈተና የመጣ መሰለኝ።

ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። በየገጹ ሰንጠረዥ አሰመርኩ፤ በግራ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ፣ ቀጥሎ ዋጋው፣ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ለዋጋው ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልኬ የውጭ አገር ሰዎች ኮምፒውተር ሲፈትሹ አየሁ። እነዚያንም ናቅኳቸው። ፂማቸውን የተከረከሙ ጎልማሶች ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ተቀምጠው፣ ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ ሲያገኙት እንደ ልደት ስጦታ እየደነገጡ፣ ጨዋታ ላይ በዓይን የማይለይ ፍጥነት ይለካሉ። አንዱ ፕሮሰሰር ከሌላው በእንቁላል ቅርፊት ውፍረት ቢበልጥ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። ዘንድሮ የወጣው ከአምናው የሚበልጠው በስሙና በዋጋው ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አሁንም ውሸት ነው አልልም።

በሐቅ ለመናገር፣ ማወዳደሩን አውቄበት ነበር። የልጄ ፕሮግራም ሥዕሉን የሚያወጣው በግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ፣ ውዱን ፕሮሰሰር ትቼ መካከለኛውን ያዝኩ፤ የተረፈውን ካርዱ ላይ አዋልኩት። ከአንድ ትልቅ ራም ሁለት መለስተኛ ጎን ለጎን ቢሰካ እንደሚሻል ደረስኩበት። ፈጣኑ ዲስክ ላይ አልሰሰትኩም። ሁሉም በሚሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ለማትጠቀምበት ቀዳዳ ለምን ትከፍላለች ብዬ የተራውን መረጥኩ። እያንዳንዱ ምርጫ ከጀርባው ሁለት ገጽ ነበረው። ለፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለሁሉም ለሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የሰጠሁት አንድ መስመር ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩ የሚበላውንና ካርዱ የሚበላውን ደመርኩ፣ አራት መቶ ዋት አልሞላም፣ ስድስት መቶ ይበቃል ብዬ አለፍኩ። የማያሰላ ዕቃ ምን ፍጥነት አለው? የሚወዳደርበትም ዓምድ አልነበረውም።

ዕቃውን ልንገዛ ሲቀላ የወረድነው በገበያ ቀን ነው። የሟች ባለቤቴ እናት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለችው ከላንቴ ሙዝ ይዛ መጥታ፣ ሸጣ ጨርሳ፣ ከእኛ ጋር ወደ ሴቻ ልትወጣ ጠበቀችን። ስለዚህ እሷም ሱቅ ገባች።

አማቴን ሳላስተዋውቅ ማለፍ አልችልም። ዕድሜዋን ሙሉ ሙዝ ነው ያለማችው። አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ስትናገር ሴትና ወንድ ታቀላቅላለች። የላንቴ ገበሬ ከሰብሳቢ ነጋዴ ጋር ያለበትን ጠብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ማሳ ድረስ ይመጣል፣ ሚዛኑ ሁልጊዜ ለነጋዴው ይራራል። አማቴ ታዲያ ዘለላውን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ወደ ታች ሁለት ጊዜ ታነሳውና ኪሎውን ትናገራለች። ነጋዴው በሚዛኑ ሲከራከራት «ሚዛን የሰው ነው፤ እጅ የራሴ ነው» ትለዋለች። ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ነጋዴው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነገሩን ከአሮጊት ጨዋታ አሳልፌ አልቆጥረውም ነበር። በየሄደችበት የምትገዛውን ሁሉ፣ ሳሙናውንም፣ መጥረቢያውንም፣ የልጅ ጫማውንም መዳፏ ላይ ትመዝናለች። አንድ ጊዜ መነጽሬን መዝና «ቀላል ነው፣ አይቆይም» ብላኛለች። እኔም ስቄያለሁ።

ባለሱቁ አባቱ ከወደ ስልጤ መጥተው ጨርቅ ይነግዱበት የነበረውን ሱቅ ወደ ኤሌክትሮኒክስ የለወጠ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ደብተሬን እያነበብኩ ዕቃውን አንድ በአንድ አስወጣሁት። ሌሎች ደንበኞች ቆመው ያዩናል። እኔም እንዲያዩ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። ኬዙ ላይ ስንደርስ ባለሱቁ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ከኬዙ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ለብቻው የሚሸጥ፣ ያውም ደህና ዋጋ ያለው። ሁለቱም ላይ ስድስት መቶ ዋት ተብሎ ተጽፏል።

ባለሱቁ «መምህር፣ ይህን የመሰለ ካርድ ገዝተው በዚህኛው አያስነሱት፤ ለብቻው የሚሸጠውን ይውሰዱ» አለኝ።

ገባኝ አልኩ በልቤ። ሌላው ላይ ትርፍ አላገኘብኝም፤ እዚህ ላይ ሊያካክስ ነው። እኩል ቁጥር፣ አንዱ ከኬዙ ጋር በነፃ፣ አንዱ በዋጋ፤ ይህንን ለማወዳደር ደብተር መግለጥ አያስፈልግም። ጽሑፉን በጣቴ እያሳየሁ፣ ስድስት መቶና ስድስት መቶ እኩል መሆናቸውን ለባለሱቁም ለቆመውም ሰው አስረዳሁ።

አማቴ ከበርጩማው ተነሳች። በአንድ እጇ አንዱን፣ በሌላው እጇ ሌላውን ይዛ ከፍ ዝቅ አደረገቻቸው። ከኬዙ ጋር የሚሰጠውን መልሳ አስቀመጠች።

«መምህር፣ ይቺ ባዶ ነው» አለች።

«እማማ፣ ይሄ ሙዝ አይደለም» አልኳት። የቆመው ሰው ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

«ሙዝ አይደለም፣ አውቃለሁ። ትልቅ ሸክም ልታሸክሙት ነው አላችሁ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ሸክም ይችላል?»

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር። አልቻልኩም። ክብደት የሚለካው በኪሎ ግራም ነው፣ ኃይል የሚለካው በዋት ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም ብዬ ለሰባ ዓመት ሴት ሱቅ ውስጥ ሌክቸር ሰጠሁ። ዘጠነኛ ክፍል የወደቀ ተማሪን በምናገርበት ድምፅ ነው የተናገርኳት። ጨርሼ ዞር ስል አማቴ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ባለሱቁ ኬዙን ከነፓወር ሰፕላዩ በገመድ አስሮ ሰጠኝ።

ቤት ወስጄ ራሴ ገጠምኩት፤ በአንዴ ተነሳ። ከቁርስ እስከ ምሳ ይፈጅ የነበረው ሥዕል ሻይዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መውጣት ጀመረ። ልጄ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቃ አላየኋትም ነበር። እኔ ግን በልጄ ሳቅ ብቻ መርካት አልቻልኩም። የባንክ ሠራተኛውን ጎረቤቴን ጠርቼ የእሱ ኮምፒውተር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በልጄ ፊት አስቆጠርኩት። ባለ መብራቱን ወጣት መምህር ጠርቼ፣ የመብራቱን ዋጋ ካርዱ ላይ ቢያውለው ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ከደብተሬ አነበብኩለት። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ አመሰገነኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔን ማንም አወቅህ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ ለራሴ ያልኩት።

ከዚያ ሕግ አወጣሁ። እዚህ ከተማ ያለ ፍላሽ ሁሉ ማተሚያ ቤት ለማተሚያ ቤት የዞረ፣ ቫይረስ ያዘለ ነው። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ኬዙ ላይ ለጠፍኩ፤ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው። ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ ለማንኛውም ሥራውን ሌላ ቦታም ላስቀምጠው» አለችኝ። በኢንተርኔት መላክ አልተቻለም፤ ያን የሚያህል ፋይል ለመጫን ኔትወርኩ አቅም የለውም። የቀረው ፍላሽ ነው። አይሆንም አልኳት። ይህን ማሽን ሦስት ሳምንት አጥንቼ ነው የገጠምኩት፤ ከየሰው ኪስ የመጣ ቆሻሻ አይገባበትም፤ አዲስ ዲስክ ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም አልኩ። በራሷ ሥራ ላይ የፈረድኩት እኔ ነኝ። እሷ እሺ አለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ጉድ የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተራራው ላይ ዝናቡ ጠቁሮ ነበር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱ ቀን ለአርባ ምንጭ አዲስ አይደለም፤ ስታቢላይዘርም አስገጥሜያለሁ። ልጄ ከአርባው ሥዕል ሠላሳ አራቱን ጨርሳ ነበር። የቀሩትን ስድስቱን አውጥታ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ልትወስድ ነው። መብራቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አስነሳችው፣ ካርዱ ሥራ ጀመረ፣ ፋኑ ጮኸ። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ጧ ሲል ሰማሁ። ስገባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ልጄ እጇን ማውሱ ላይ እንዳደረገች ጥቁሩን ስክሪን ታያለች።

ኬዙን በባጃጅ ይዘን ሲቀላ ወረድን። ባለሱቁ ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ ክዳኑን አነሳ። ውስጡ ግማሹ አየር ነበር። አውራ ጣት የምታህል የመዳብ ጥቅል፣ ጠርዙ የጠቆረ ቀጭን ብረት፣ ሌላው ባዶ። ቀጥሎ ያንን ለብቻው የሚሸጠውን አምጥቶ በፋኑ ቀዳዳ እንዳየው በእጅ ባትሪ አበራልኝ። በጥቅል፣ በመዳብ፣ በወፍራም አሉሚኒየም ተጠቅጥቋል። ብዙ ኃይል የሚያሳልፍ ነገር ብዙ መዳብ ይፈልጋል፣ ሙቀቱን የሚያስወጣ ብረት ይፈልጋል፤ ብረትና መዳብ ደግሞ ይከብዳሉ። ይህንን ለሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ አይገናኙም ብዬ የተናገርኩትም እኔ ነኝ፣ ያውም እዚያው ባንኮኒ ላይ ተደግፌ።

«ታዲያ ስድስት መቶ ዋት ይላልኮ» አልኩት።

«ወረቀቱን ማንም ያትመዋል፣ መምህር» አለኝ።

ጎረቤቴ ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው ብሎ ስለጠየቀ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። እሱ ቢያንስ ጠይቋል። እኔ የተለጠፈ ወረቀት አንብቤ ነው ያመንኩት።

ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም። ማዘርቦርዱንም ዲስኩንም ይዞ ሄደ። የጠፋ ፋይል ያወጣል የተባለ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ዘንድ ዲስኩን በአውቶቡስ ላክንለት፤ ከበዓል በኋላ አየዋለሁ፣ የሚወጣ ነገር ይኖር ይሆናል አለ፤ በኋላ ግን ምንም አላገኘሁበትም ብሎ መለሰው። ልጄ እጅ ላይ የቀረው ሐምሌ ላይ ላፕቶፑ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ረቂቅ ነው። እሱን በአራት ወረቀት በጥቁርና ነጭ አትማ በመስቀል ዕለት ምዕራብ ዓባያ ሄደች። እኔም ካልሄድኩ አልኩ፤ አይሆንም አለችኝ። ወንድማማቾቹ አራቱን ወረቀት እየተቀባበሉ አዩት አሉ። ወታደሩ በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀ። ነጋዴው ይህ መስመር ግድግዳ ነው ወይስ አጥር አለ። ከዚያ ወደ በሬው ወሬ ተመለሱ። ሰውየው ልጄን መኪና ድረስ ሸኝቶ፣ ሳይቆጣ፣ ለከርሞ መስቀል እግዚአብሔር ያውቃል ብሏታል።

ልጄ አልወቀሰችኝም። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፌ እንዲወጣ ብዙ ታገልኩ፤ የወጣው ግን ስለ ዲስኩ ዋስትና የሆነ ነገር ነው። እሷ ልብስ እያጠፈች አቋረጠችኝ።

«አባዬ፣ አያቴ ባዶ ነው ስትል እኔም ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት አንተን አምኜ ነው።»

በሳምንቱ ሐዋሳ ሄደች። እኔም የፈራሁት ቤት ውስጥ ቀረሁ። ከባዱን ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ፣ አዲስ ማዘርቦርድና ዲስክ አስገብቼ ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ይፈጥናል። የምሠራበት ነገር ስለሌለ ፍጥነቱን እለካበታለሁ። የጎረቤቴ ኮምፒውተር አሁንም ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ልጆቹ ግን ይማሩበታል። ባለ መብራቱ መምህር ደግሞ አንድ ቀን ወሬ ስናነሳ ፓወር ሰፕላዩ ላይ አልሰሰትኩም ብሎ ነገረኝ፤ እንዳይቃጠል ፈርቶ መጀመሪያ የገዛው እሱን ነው። መብራቱ ኋላ ነው የመጣው። ራስ ሳይጠና ጉተና ብዬ ያማሁት ሰው ከራስ ነበር የጀመረው።

ግንቦት ላይ ልጄ ስትደውል የራሷን ዴስክቶፕ ልትገዛ መሆኑን ነገረችኝ። ጠይቃኝ አልነበረም፤ በወሬ መሃል ነው ያነሳችው። እኔ ግን እንደገና ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። የዘንድሮዎቹን ፕሮሰሰሮች አወዳደርኩ። አዲሶቹን ካርዶች ከአምናዎቹ ጋር አስተያየሁ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ብቻ ስድስት ገጽ ሄድኩ፤ ዋቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱን የሚጽፍ ዓምድም ጨመርኩ፣ በኪሎ ግራም። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ደወልኩላት፤ ላነብላት።

«ገዛሁኮ፣ አባዬ» አለችኝ። «ባለፈው ቅዳሜ። አያቴ መጥታ አብረን ገዛን።»

ሰባ ዓመቷ ነው። ከላንቴ ሐዋሳ ድረስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። መኪና የተሳፈረችው ሲቀላ መናኸሪያ ወርዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ሴቻ፣ ወደ እኔ ቤት፣ በባጃጅ ደቂቃዎች ናቸው። ሳትነግረኝ ሄዳ ሳትነግረኝ ተመልሳለች። ደብተሩን ዘጋሁት። መልካም አደረጋችሁ አልኳት፤ ድምፄ ግን መልካም አልነበረም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አማቴ እንደ ልማዷ ሙዝ ይዛ ሴቻ ወጣች። በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ ውሃ ሰጠኋት። ሐዋሳ ሄደሽ ነበር አሉ አልኳት። መንገዱ ደህና ነው አለች። ልጅቱስ? ደህና ነው፣ ከስቷል ግን ይበላል አለች። ስለ ኮምፒውተሩ አንድም ነገር አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቆየት ብላ ግን የምዕራብ ዓባያው ሰው ንድፉን ለሌላ ሰው እንዳልሰጠ፣ ወንድሞቹ ለመስቀል ሲሰበሰቡ ልጄ አዲሱን ይዛ እንደምትመጣ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ፈቃድ ወስዳ እዚህ ሆና እንደምትጨርሰው ነገረችኝ። የልጄን ክፍል ነገ ጠርጌ፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ ከባድ ስታቢላይዘር አስገብቼ እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ።

«እንግዲህ ክፍሏን አዘጋጃለሁ» አልኳት።

«ላንቴ ነው የሚቀመጠው» አለች አማቴ። «እኔ ቤት። ጠረጴዛ አሠርቻለሁ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ለሰላምታ ይመጣል።»

ላንቴ ለምዕራብ ዓባያ ይቀርባል ብዬ አሰብኩ። የሁለቱን መንገድ በሐሳቤ አወዳደርኩት፤ ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለግማሽ ሰዓት ተብሎ የአባት ቤት አይተውም። አማቴ ልትሄድ ስትነሳ ያመጣችልኝን ዘለላ ከመሬት አንስታ ሰጠችኝ። ተቀብዬ፣ እሷ እንደምታደርገው መዳፌ ላይ አድርጌ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ሁለት ጊዜ አነሳሁት።

«አሥራ ሁለት ኪሎ ይሆናል» አልኳት።

መልሳ ተቀበለችኝ፣ አንድ ጊዜ ከፍ አደረገችው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ነው» ብላ ወረደች።